ጅማ ላይ መድኃኒት ከየት እንግዛ?

ሰሞኑን ከወልቂጤ ተዛውሮ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ «እባክሽ ደህና ፋርማሲ ጠቁሚኝ» አለኝ። እናቱ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የኔም እማዬ እንደዚያው ስለሆነች ከአጂፕ እስከ መርካቶ ያልገባሁበት መድኃኒት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ስም አልጠራም። ታፔላው ያው ሆኖ ሰዉ ይቀያየራል። አምና ለሰው ሁሉ ያወራሁለት ቤት ዘንድሮ ሌላ ልጅ ቆሞበት ማዘዣዬን እንኳ በቅጡ ሳያነብ ሸጠልኝ። ስለዚህ ገብታችሁ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ፍሪጁን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። አንዱ ቤት ልጁ ፍሪጁን ሲከፍት አጮልቄ አየሁ። ግማሹ የተጠጣ ለስላሳ አለ፣ በፌስታል የተቋጠረ ምሳ አለ፣ የኢንሱሊኑ ካርቶን ደግሞ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። በረዶ የያዘ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ጉልበቱ የለም። ችግሩ፣ በዓይን ስታዩት ደህና ሊመስል ይችላል። «ይቅርብኝ» አልኩት። «ከቀዘቀዘ ምን ችግር አለው?» አለኝ ከልቡ ገርሞት።

ሌላው ቤት ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጠዋትና ከሰዓት ስንት ዲግሪ እንደነበር በእስክሪብቶ ተሞልቶበታል። «መብራት ሲጠፋስ?» አልኳት። ጀነሬተር እንዳላቸው ነገረችኝና እሷ በተራዋ ጠየቀችኝ፤ ቤታችሁ ሩቅ ነው? በምን ትሄጃለሽ? ቦሳ አዲስ፣ በባጃጅ አልኳት። በረዶውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ አድርጋ አሰረችልኝ። «ብልቃጡን ስትከፍቱት ቀኑን ጻፉበት፤ ከ28 ቀን በኋላ ቢተርፍም ይጣላል» አለችኝ። አብዛኛው ኢንሱሊን እንደዚያ ነው። ዋጋቸው ትንሽ ወደድ ይላል። ይሁን።

አሁን ማወዳደሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል (ሜዲካል ሴንተር) ግቢ ውስጥ ካለው ፋርማሲ ብታገኙ ዋጋው ይሻላል፣ ማዘዣም በደንብ ይታያል። ግን ሰልፉ አለ፣ «የለም፣ ውጪ ግዢ» መባልም አለ። በሩ አካባቢ ያሉት የግል ፋርማሲዎች ዓይነት በዓይነት ይይዛሉ፤ ሲጨናነቁ ግን ማስረዳት ይረሳሉ። ረፋድ ላይ ሂዱ። የሰፈር መድኃኒት መደብር ለራስ ምታትና ለቃር አይከፋም። ብዙ ሰው ሁሉንም «ፋርማሲ» ይላል እንጂ ፋርማሲና መድኃኒት መደብር ደረጃቸው ይለያያል፤ ፋርማሲ በፋርማሲስት የሚመራ ነው። የሙያ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ አንብቡት። ገበያ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎ የሚሸጥ ክኒን ካያችሁ ደግሞ እለፉት፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የዋለ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ እርጥበቷን ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል፤ ክኒን ምን ሊሆን ነው? ዩኒቨርሲቲያችን የመድኃኒት ጥራት የሚመረምር ላቦራቶሪ አለው። ያም ሆኖ፣ ደህና ሆኖ የመጣ መድኃኒት ፀሐይ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ሲበላሽ ማን ያየዋል? እኛው ነን የምናየው። ቀለሙ የወየበ፣ የተጣበቀ ወይም የሚፈረፈር ክኒን ሲሰጣችሁ መልሱ።

ቀኑንም እዩ። እዚህ ላይ ብዙ እናቶችና አባቶች ይሳሳታሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው አቆጣጠር የፈረንጅ ነው። ጎረቤታችን እትዬ «2025 ይላል፣ ገና ስምንት ዓመት አለው» ብለው ያስቀመጡት ሽሮፕ ነበር። 06/2025 ማለት በእኛ ሰኔ 2017 ነው! ደህና ባለሙያ ይሄን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ሌላው የምወደው ነገር «አልሸጥም» የሚል ሰው ነው። ልጄ ሲያስለው አሞክሲሲሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ልገዛ ሄጄ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ብሎ መለሰኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሐኪም ጋ ስወስደው ጉንፋን ነው፤ ያ መድኃኒት ምንም አይፈይድለትም ነበር። ለወባም እንደዚሁ፣ «ተመርምረሽ ነይ» የሚላችሁን አትቀየሙት። የወባውን መድኃኒት፣ ኮአርተምን፣ ሲሰጥ ደግሞ «ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱት፣ ቢሻላችሁም ሦስቱን ቀን ጨርሱት» ካላለ ግማሹን ሥራ አልሠራም። ከገጠር ለመጡት ይሄንኑ በኦሮምኛ ሲያስረዳ ከሰማችሁት ያዙት።

የስኳር መለኪያ ለምትገዙ፦ ማሽኑን ሳይሆን ስትሪፑን፣ ማለትም ደም የሚነካበትን ቀጭን መመርመሪያ፣ ምረጡ። እኔ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ቆንጆ ማሽን ስትሪፑ ጅማ ስለማይገኝ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። መጀመሪያ ሦስት ቦታ ዞራችሁ የትኛው ስትሪፕ እንዳለ ጠይቁ፣ ከዚያ ማሽኑን ግዙ። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ግጠሙ፤ እርጥበት ከገባው የሚያወጣው ቁጥር አይታመንም።

ደረሰኝ ተቀበሉ። የሚያጠራጥር መድኃኒት ካጋጠማችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ቸግሮኛል። በኮቺ በኩል እሁድ ማታ የሚከፍት፣ ፍሪጁም ደህና የሆነ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።