የምድር ሽኮኮና ብርቅ እሬት በበጋ
ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በጣና ዳር ባለው አጥራችን ሥር፣ አንድ ወዳጄ ብርቅ ዝርያ ነው ብሎ ከሰጠኝ እሬት አጠገብ፣ የምድር ሽኮኮ ጉድጓድ ቆፍራለች። ሁለቱ የበጋውን ድርቀት የሚቋቋሙበት መንገድ ይመሳሰላል?

መልስ 1፦ በዓላማ እንጂ በአሠራር አይመሳሰልም። እሬት ውኃን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል፤ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዋናነት የሚከፍተው ትነት በሚቀንስበት ሌሊት በመሆኑ፣ ያኔ ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አቆይቶ በማግስቱ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራበታል። ሽኮኮዋ ግን ቀን ትመገባለች፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጉድጓዷ ትገባለች።

መልስ 2፦ ስሙ እንዳያሳስትዎ፤ በቋጥኝ መካከል የሚኖረው ሽኮኮ ሌላ እንስሳ ሲሆን፣ የሚዛመደውም ከዝሆን ነው። እሬቱን በተመለከተ፣ ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚመለከተው የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል።