የሐይቅ ኤግዚቢሽን፦ በጋራ ሐሳቡ ላይ የአባላት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ስብሰባ ላይ ያልተገኛችሁ ስላላችሁ ረቂቁን እዚህ አስቀምጣለሁ። ከሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጋር በጋራ ፈርመን ለተሁለደሬ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ነው። «የሐይቅን ጥንታዊ የዓሣ አጥማጅነት ባህል በሥዕልና በፎቶግራፍ ለደሴ ሕዝብ ማስተዋወቅ። ቦታ፦ ደሴ፣ በሚከራይ አዳራሽ። ጊዜ፦ ከ2019 ጥምቀት በኋላ። ተሳታፊ፦ የማኅበራችን ሠዓልያንና ፎቶ አንሺዎች።» ያልጣማችሁን እዚሁ ጻፉ። ለየብቻ እየደወላችሁ የምትነግሩኝን ለሌላው ማስረዳት ሰልችቶኛል።

የሐይቁ ተወካይ፦
ጋሼ፣ አክብራችሁ ስላስገባችሁን አላህ ይስጥልን። ሁለት ነገር ግን አልተዋጠልንም። አንደኛ፣ ዓሣ ማስገሩን ጥንታዊ ማለታችሁ ልክ አይደለም። አምባዛ ድሮም ነበረ፤ ቆሮሶው፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ ግን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ የዛሬው ገበያ የቆመውም በእሱ ነው። ጥንታዊ ከፈለጋችሁ ገዳሙ አለላችሁ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እስጢፋኖስ ላይ ያስተማሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የእኛ ሥራ ከአባቶቻችን የመጣ እንጂ ከቅድመ አያቶቻችን አይደለም። መረብ አጣጣሉን ያስተማሩን ሽማግሌዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዳር ላይ ቁጭ ብለው ልጆቹን ሲቆጡ ይውላሉ። ሁለተኛ፣ ኤግዚቢሽኑ ስለኛ ሆኖ ቦታው ደሴ፣ ተሳታፊውም የደሴ ሰው ከሆነ እኛ የምንፈርመው ምኑ ላይ ነው?

ሠዓሊው፦
ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ። ደሴ ይሁን ያልኩት ለሥራው ብዬ ነው። ሥዕል መብራት ይፈልጋል፣ ግድግዳ ይፈልጋል። ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሸራችን ተነቅሎ ውኃ ውስጥ ሊገባ ነው። ገዢውም ያለው ደሴና ኮምቦልቻ ነው። «ጥንታዊ» ያልነው ደግሞ ለስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር ትናንት በተጀመረ ነገር ላይ ብር አያወጣም።

መምህርቷ፦
ለስፖንሰር ተብሎ ያልሆነ ነገር የሚጻፍ ከሆነ የእኔ ስም እዚያ ወረቀት ላይ አይውጣ። ታሪክ አስተምሬ ነው የምኖረው፣ ነገ ተማሪዬ ይጠይቀኛል። ይልቅ አዲስነቱን አጉሉት! የገዳሙ ታሪክ በብራና ተጽፎ ተቀምጧል። የአስጋሪዎቹ ግን ገና በሰው አፍ ላይ ነው፤ ቆሮሶው ሲመጣ ሰፈሩ ምን አለ፣ ማን ቀድሞ በላው፣ ማን አልበላም አለ፣ ሚስቶች መጀመሪያ እንዴት ሠሩት፣ ይኼንን ዛሬ ጠይቀን ካልቀዳን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል። በየትኛው ጥንታዊ ባህል ላይ ነው መጀመሪያውን ያየ ሰው ወንበር ስበህ የምታናግረው?

ስለ ቦታው፣ አሲላን እዩልኝ። ሞሮኮ ውስጥ ከታንጀር በስተደቡብ፣ አትላንቲክ ዳር ያለች፣ በፖርቱጋሎች ግንብ የታጠረች ትንሽ የዓሣ አስጋሪ ከተማ ናት። በ1978 እ.ኤ.አ. መሐመድ ቤናይሳና ሠዓሊው መሐመድ መለሂ፣ ሁለቱም የዚያው ከተማ ልጆች፣ ሠዓልያንን ጠርተው የአሮጌውን ሰፈር የቤት ግድግዳ አሣሏቸው። አዳራሽ አልተከራዩም። ነዋሪው ሥዕል ለማየት ትኬት አልቆረጠም፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ያየዋል። ነገሩ በዓል ሆኖ ቀጠለ፤ ግድግዳው ነጭ ይቀባና አዲስ ሥዕል ይሣልበታል፣ ልጆችም አብረው ይሥላሉ። ከዚያ ቤቶቹ ታደሱ፣ እድሳቱም በ1989 የአጋ ኻንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ቆሮሶው ሐይቅ የገባውና አሲላ የተቀባችው በተቀራራቢ ዓመት መሆኑ ደግሞ ገረመኝ፤ ለረቂቁ ባይጠቅምም።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
እኔ ሥዕል አላውቅም። አሰብ ድረስ ግን ስንት ዓመት ጭነት አመላልሻለሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገን አሰብ ስንገባ የባሕሩ ዓሣ ከጀልባ ወርዶ እዚያው ይጠበስ ነበር፤ ሾፌር ሁሉ ተሰልፎ ይበላል። ስለ ባሕር ሰው የማውቀው አንድ ነገር፣ ከባሕሩ ርቆ አይጫወትም። አዳራሽ ውስጥ ከረባት አስራችሁ ብታስቀምጡት አፉን አይከፍትላችሁም። እዚያው ሂዱ።

ፎቶ አንሺው፦
ጋሼ አሰብን አስታወሱን እንዴ፣ አሁን ምሳ ሰዓት ነው!

እኔ ሐይቅ ይሁን ባይ ነኝ፤ ግን ከመጀመራችን በፊት የሚያሳስበኝ የመረቡ ጉዳይ ነው። መረብ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል፣ ጠዋት ላይ ከጀርባው ብርሃን ሲመጣ ልዩ ነው። ነገር ግን ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ጫጩቱን ስለሚጠርግ ክልክል ነው፤ የሚጠቀም ሰው የለም አልልም። ያንን ሰው አጉልተን ደሴ ብንሰቅለው ፎቶው ማስረጃ ይሆንበታል። ስለዚህ የአንድም አስጋሪ ፊት ሆነ መረብ ሳይጠየቅ አይሰቀል። ከታተመ በኋላ ራሱ አይቶ «ይሁን» ካለ ብቻ።

የሐይቁ ተወካይ፦
ይህንን ያነሣህ ተባረክ። እኛ ለመናገር አፍረን ነበር።

ገንዘብ ያዧ፦
ወደ ብሩ እንምጣ። ጥር የሠርግ ወር ነው። አዳራሽ ደሴም ሐይቅም አይገኝም፣ ከተገኘም በሠርግ ዋጋ ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጄኔሬተር ሁሉም እንደዚያው። ቀኑን ለምን አናሸሽም?

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ ማሸሻ የለም። በቀን መቁጠሪያው ላይ ተቀምጬበት ነበር። የ2019 ረመዳን ጨረቃ ከታየች የካቲት 1 አካባቢ ይገባል። እሱ ሳይወጣ የካቲት 29 ሁዳዴ ይያዛል፤ ሁዳዴ ላይ ደግሞ የዓሣ ገበያው ስለሚደራ አስጋሪዎቹ ቀና ብለው አያዩንም። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ እስከዚያ የበልግ ዝናብ አለ። ስለዚህ ያለን ከጥምቀት እስከ ረመዳን ያለችው ክፍተት ብቻ ናት። ቅዳሜ ጥር 15 ተከፍቶ እሑድ ጥር 23 ቢዘጋ ሁለት ቅዳሜና እሑድ እናገኛለን። መክፈቻው ቅዳሜ መሆኑ ጁምዓንም አይነካም፣ የጾም ቀንም አይደለም። በመሀል ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለች፤ ያን ቀን ጠዋት እንዘጋለን።

መምህርቷ፦
ጾም ካልሆነ ዓሣው ራሱ ይቅረብ! ተጠብሶ፣ በአዋዜና በሎሚ። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲደገስ የመጀመሪያው ጣጣ ቢላዋው የማን ነው የሚለው አይደል? ለእስላሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ዓሣ ይህ ጣጣ የለበትም። አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ። ይህንን ከየትኛውም ሥዕል አስበልጬ በሐሳቡ ውስጥ ባየው ደስ ይለኛል። የሚጠብሱት ሴቶች ግን በነፃ አይሥሩ፤ ክፍያቸው በጀት ውስጥ ይግባ።

ገንዘብ ያዧ፦
ይግባ። ድንኳኑስ?

የሐይቁ ተወካይ፦
እትዬ አብሽሪ፣ ድንኳን ከቅሬያችን፣ ከዕድራችን ማለቴ ነው፣ እንጠይቃለን። ወንበርም አለው። ችግሩ የቅሬ ድንኳን መሆኑ ነው፤ ሰው ከሞተ በዚያችው ሰዓት ይነሣል። ሥዕል ተሰቅሎበታል ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ ሊጠብቅም አይገባም።

ሠዓሊው፦
እንግዲያው ኤግዚቢሽኑ በድንኳኑ ላይ መቆም የለበትም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ ሐሳቤንም ቀይሬያለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል የሚባል አገር ጫፍ ላይ ሴንት አይቭስ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ አለች። እዚያ ከታች አስጋሪዎች መረብ የሚጠግኑበት፣ ከላይ ሠዓልያን የሚሥሉበት ሕንፃ ዛሬም ይሠራል። የከተማዋ ስም በሥዕል ዓለም ሲጠራ አብሮ የሚነሣው አልፍሬድ ዋሊስ ነው። በወጣትነቱ ዓሣ አስጋሪ ነበር፣ በኋላ አሮጌ ብረትና ገመድ እየገዛ ይሸጥ ነበር። ሚስቱ በ1922 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ፣ ወደ 70 ሲጠጋ፣ ብቻዬን ሆንኩ ብሎ መሣል ጀመረ። በጀልባ ቀለም፣ በተገኘ የካርቶን ቁራጭ ላይ። በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ የሚባሉ ሠዓልያን በበሩ ሲያልፉ አዩት፣ ተደነቁ፣ ከእሱም ተማሩ። እሱ ግን ሥራውን በሳንቲም እየሸጠ ቆይቶ በ1942 በድሆች መጠለያ ውስጥ ሞተ። ዛሬ ሥዕሎቹ ቴት ሙዚየም ናቸው።

ይህን ያመጣሁት ለሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ተሳታፊው እኛ ብቻ መሆናችን ይቅር። ቀለምና ሰሌዳ ይዘን ከታኅሣሥ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሂድ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ዓሣ የሚያጥቡት ልጆች፣ ስፌት የሚሰፉት እናቶች የፈለጉትን ይሥሩ። እኛ እንደ አስተማሪ አንቁም፤ ቀለም አቅራቢ እንሁን። ታንኳ ላይ ያደገ ሰው ውኃን እንዴት እንደሚሥል እኔ ላስተምረው አልችልም። ሁለተኛው ክፍያው ነው። ከተሸጠው ከመቶ 80 ለሠራው ሰው፣ 20 ለጋራ ወጪ። ፎቶ ከሆነ ደግሞ ፎቶ አንሺውና የተነሣው ሰው 80ውን እኩል ይካፈሉ።

ፎቶ አንሺው፦
እኩል? እሺ፣ በጄ። ካሜራውን ግን እኔ ነኝ የተሸከምኩት።

ገንዘብ ያዧ፦
ስለ ሴንት አይቭስ እኔም ልጨምር፣ ልጄ እዚያ አገር ስላለች ነግራኛለች። ከተማዋ በሥዕል ስትታወቅ ባለ ገንዘቡ መጥቶ ለበጋ ብቻ የሚያድርበት ቤት ገዛ፣ የቤት ዋጋ ናረ፣ የአካባቢው ልጅ መግዣ አጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሐይቅ ዳር መሬቱ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። አንድ ኤግዚቢሽን ይህን ያመጣል አልልም፤ ግን ወረቀቱ ላይ «ለኢንቨስትመንት መሳብያ» የሚል ነገር እንዳላይ።

ሰብሳቢ፦
በረቂቁ አራተኛ ገጽ ላይ አለ። ይውጣ። ገዳሙ ግቢ ውስጥ ይደረግ ያላችሁም ነበራችሁ፤ ሴቶች አይገቡበትም፤ ስለዚህ ግማሹ አባል የራሱን ኤግዚቢሽን ሳያይ ይቀራል ማለት ነው። ከሙዚየሞችና ከገዳሙ ቅርስ መዋሱም ይቅር። የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ምን እንደደረሰበት አይተናል፤ ክፍት ሜዳ ላይ የሰው አደራ አንሸከምም። ጸሐፊ፣ እስቲ አስተካክለህ አምጣው።

ጸሐፊ፦
ይኸው። «ሁለቱ ማኅበራት በጋራ የሚያዘጋጁት ኤግዚቢሽን፣ በሐይቅ ከተማና በሐይቁ ዳር፣ ከጥር 15 እስከ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቆያል። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ የተፈጠረውን የአስጋሪዎች ኑሮ፣ ሥራና ማዕድ የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ ፎቶግራፎች፣ የእጅ ሥራዎችና የተቀዱ ትረካዎች ይቀርባሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቅዳሜው ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የሥዕል ሥራ ይኖራል። ሥራዎቹ በዓሣ ቤቶች ግድግዳ፣ ዳር ላይ በቆሙ ታንኳዎችና በመረብ መስቀያ እንጨቶች ላይ ይሰቀላሉ፤ ድንኳን ከተገኘ ለማዕዱና ለሽማግሌዎች ጨዋታ ይሆናል። ማንም ሰው ሳይፈቅድ ምስሉ አይታይም። ከሽያጭ ከመቶ 80 ለሠሪው።» ከወልድያ መስመር የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ በሐይቅ ስለሚያልፍ፣ መንገድ ዳር ያሉት ዓሣ ቤቶች ለተጓዡም ይታያሉ፤ ይህን በማብራሪያው ጽፌዋለሁ።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ፦
እንዲህ ከሆነ ከኮምቦልቻ አንድ ሚኒባስ ሰው እኔ አመጣለሁ። ነዳጁን ተካፍለን።

መምህርቷ፦
ትረካውን የሚቀዱ ተማሪዎች አሉኝ። የመንፈቅ ዓመት ፈተናቸው ጥር ላይ ስለሆነ ቀረጻው ታኅሣሥ ላይ ይለቅ።

ገንዘብ ያዧ፦
አንድ ጥያቄ። ታንኳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎ ሰዎቹ በምን ሊያሰግሩ ነው? ዘጠኝ ቀን ሥራ ፈተው ይቀመጡ እንዳትሉ፣ ካሳ የሚሆን ብር የለኝም።

የሐይቁ ተወካይ፦
ለጥገና የወጡ አሮጌ ታንኳዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ነው። የሚሠራው ታንኳ ላይ ምስማር የመታ ሰው ከኛ ጋር ይጣላል። የቅሬውን ዳኛ ደግሞ ሐሙስ አገኛቸዋለሁ፤ እሳቸው እሺ ካሉ ማኅተማችንን ይዤ ዓርብ ከሰዓት ደሴ እመጣለሁ።