ጥንቸሎችን ደቻቱ ወንዝ ዳር መልቀቅ ይገባልን?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ባለፈው ዓመት ለልጆቼ ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች ገዛሁ። ሻጩ ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ነግሮኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በጓሮዬ 11 ጥንቸሎች አሉ። የምንኖረው በኪራይ ስለሆነ አከራያችን እስከ ወሩ መጨረሻ ከግቢው እንዲወጡላቸው ጠይቀውናል። ጎረቤቶቼ «የከተማው ፍየሎች ገራባ እየለቀሙ ይኖሩ የለ? ደቻቱ ዳር ልቀቂያቸው» ይሉኛል። ትናንት ግን ከድልድዩ ሥር አንዲት ነጭ ጥንቸል አሸዋው ላይ ተዘርግታ አየሁ። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈው ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይርገበገብ ነበር፤ ስጠጋት እንኳ ለመሸሽ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ምን ላድርግ?

ምላሽ (የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ድሬዳዋ)
እህቴ፣ እባክዎን አይልቀቋቸው። ፍየሏ ስትዞር ውላ ማታ ባለቤቷ ቤት ትገባለች፤ ጥንቸሏ ግን በተጣለችበት ትቀራለች። በዙሪያችን ቁጥቋጦ ውስጥ የምናያት የዱር ጥንቸል ሌላ ዝርያ ናት፤ ልጆቿ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የቤቷ ጥንቸል ዘሯ ከደቡብ ምዕራብ አውሮፓ የመጣ፣ ልጆቿም ራቁታቸውንና ዓይናቸው እንደተጨፈነ የሚወለዱ ሲሆን፣ ነጭ ጠጉሯ ደግሞ ለጭልፊትም ለውሻም ከሩቅ ያጋልጣታል።

ከሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። ጥንቸል እንደ ሰው ስለማያልባት ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስወጣው በጆሮዎቿ ነው፤ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ትጨነቃለች፣ የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ 35ን ይነካል። ያዩዋትም በሙቀት የተጎዳች ትመስለኛለች። በተፈጥሮዋ ጉድጓድ ቆፋሪ በመሆኗ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ውስጥ ብትጠለል እንኳ፣ ከደጋው ድንገት የሚወርደው ጎርፍ አለ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሰው ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ዛሬውኑ ወንዶቹን ከሴቶቹ ይለዩ። እርግዝናቸው 31 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ሴቷ በወለደች ማግስት ዳግመኛ ልትፀንስ ትችላለች። በልጅነታቸው ጾታቸውን መለየት ስለሚያስቸግር በባለሙያ ያስመርምሯቸው።

ምላሽ (ሐረር)
እኔ ያደረግሁትን እርስዎ እንዳያደርጉት እጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ጥንቸሎችን ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ሣር ባለበት ቦታ አመሻሽ ላይ ተውኋቸው። በከተማችን ጅብ በየምሽቱ እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ ነፃ አወጣኋቸው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በማግስቱ ስመለስ እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ጠጉር ብቻ አገኘሁ። ልጄ እስከ ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቀኛል።

ምላሽ (ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የጓሮ አትክልት የሚያለማ)
በጠጣቸው ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ አራት ሴቶችን ልወስድ እችላለሁ፤ የማንጎ ጥላ ያለው ሰፊ የሽቦ ቤት አለኝ። የቀሩትን ለሚያረባ ሰው ሲሰጡ ግን ለምን እንደሚፈልጋቸው አስቀድመው በግልጽ ይጠይቁት። በእኛ አገር ሥጋዋን የማይበላው ብዙ ነው፣ የሚበላም አለ፤ ልጆችዎ ስም ያወጡላቸውን እንስሳት የት እንደሚልኩ ማወቅ ይገባዎታል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንዶቹን ለይቻለሁ፤ አከራያችንም ሁኔታውን ስገልጽላቸው ሁለት ሳምንት ጨምረውልኛል። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ወደ ድልድዩ ተመልሼ ያቺን ጥንቸል እዚያው አካባቢ፣ ከምሰሶው ጥላ ሥር አገኘኋት። ጆሮዎቿን በርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝሁላት፤ ውኃም ጠጣች። በሽታ እንዳይኖርባት ስለሠጋሁ ከሌሎቹ ለይቼ ኮሪደሩ ላይ በካርቶን አስቀምጫታለሁ። ባለሙያው ሐሙስ ሲመጡ 12ቱንም ያዩልኛል።