«ላስቲኩ ላይ ያለው ስም ብቻ»

መርፌ፦ ትናንት እዚህ «በዲዛይነር ፓንት ፋሽን ተለወጠ ብሎ ነገር የለም፤ የሚለወጠው ላስቲኩ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው» ተብሎ ሲጻፍ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። የፓንት ብራንዱ ጆኪ እ.ኤ.አ. በ1935 እግር አልባውን ፓንት አመጣ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ጭን ላይ ልጥፍ የሚለው ቦክሰር ገባ። አዲስ ቅርጽ ናቸው እንጂ አዲስ ስም አይደሉም።

ባለመቀስ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከቃሌም አልመለስም። በ1935 ማን የዲዛይነር ፓንት ያውቅ ነበር? የልብስ ዲዛይነሩ ካልቪን ክላይን ነው በ1982 የምርኩዝ ዘላዩን የቶም ሂንትናውስን ፎቶ በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ የሰቀለው። ፓንቱ ያው ነጭ ፓንት፣ ቅርጹም ያው የድሮው። ሰው የገዛው ስሙን ነው።

ዳንቴል፦ «ስም ብቻ» ስትል የሴቶቹን ከነጭራሹ ረሳህ። በዓመቱ ያው የካልቪን ክላይን ኩባንያ የወንዱን ቅርጽ ከነፊት መክፈቻው ለሴት አቀረበ። በ1994 ጡትን በሽቦና በስፖንጅ ወደ ላይ የሚገፋው ዎንደርብራ ነገሠ፤ ኋላ ሽቦ አልባው መጣ። የጂንስ ወገብ ሲወርድ ከኋላ ክር ብቻ የሆነው ስትሪንግ ፓንት ገነነ፤ ጂንሱ ወደ እምብርት ሲመለስ ፓንቱም ተከትሎ ወጣ።

ባለመቀስ፦ የሴቶቹን ልቀበል። የወንዱን ግን አልቀበልም።

መርፌ፦ ጨርቁንስ? 95 በመቶ ጥጥና 5 በመቶ ኤላስቴን (የሚለጠጥ ክር) ያለው ቦክሰር ጭን ላይ ይዞ ይቀመጣል። ጥጥ ብቻ የሆነው ግን ሲውል ይላላና ወደ ብሽሽት ይሰበሰባል።

ጥጥና ክር፦ ላስቲኩን ራሱን እንየው። ስሙ አብሮ የተሸመነ ከሆነ አብሮ ይሳባል፤ ከላይ የታተመ ከሆነ ግን ሲለጠጥ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል። ስትገዙ እጥፍ ያህል ስባችሁ ልቀቁት። ሞገድ ሠርቶ ከቀረ ተዉት። ሆድ ሥር የሚጠቀለለውም ልኩ ጠቦ ወይም ላስቲኩ ስስ ሆኖ ነው።

ዳንቴል፦ በረኪናንም አትርሱ! ኤላስቴንን የሚጨርሰው ክሎሪንና ሙቀት ነው። በ30 ዲግሪ አጥቦ ጥላ ውስጥ ማስጣት ነው። አዲስ ጡት መያዣም በላላው መቆለፊያ ይጀመራል፤ ሲለጠጥ ወደሚጠብቀው ይኬዳል። ገና ከጅምሩ በጠባቡ ከቆለፋችሁት፣ ሲለጠጥ የሚጠብቅበት የለም።

ባለመቀስ፦ ስለ እጥበት ማን ጠየቀ? ጥጥና ክርም ቢሆን የተነተነው ስሙን ነው፤ ተሸመነ ወይስ ታተመ እያለ።

ጥጥና ክር፦ የጻፍኩት ስለ አሠራሩ ነው። «ብቻ» የምትለዋን አውጣና እስማማለሁ።

ባለመቀስ፦ አላወጣትም። ያንኑ ጨርቅ፣ ያንኑ ስፌት፣ ስም ሳይኖረው በዚያው ዋጋ ማን ይገዛል?

መርፌ፦ ዋጋ ሌላ፣ ፋሽን ሌላ። እግር አልባውን፣ ቦክሰሩንና ስትሪንጉን ስማቸውን ቆርጠህ ጎን ለጎን ዘርጋቸው። የትኛው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ያለ ጽሑፍ ትለያለህ።

ባለመቀስ፦ እለያለሁ። ያለ ስም ግን አልገዛም።