«ግማሽ ዕድሜ» ስንል የማን ዕድሜ ነው?

ተርጓሚዋ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ጨረር በሚያመነጨው አዮዲን 131 ለሚታከሙ የታይሮይድ እጢ ሕሙማን የሚሰጥ የመመሪያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በእንግሊዝኛ half-life የሚባለውን «ግማሽ ዕድሜ» ብዬ ስመልሰው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር «የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው» ይላል። ረቂቁን ያነበበች አንዲት የታካሚ እኅት «ግማሹ 8 ቀን ከሆነ ሙሉው 16 ቀን ነው፤ በ17ኛው ቀን ምንም አይቀርም ማለት ነው» ብላ ተረዳችው። አማርኛውን ብቻ ለሚያነብ ሰው ከዚህ ሌላ ትርጉም የሚሰጥ ስላልመሰለኝ ልፈርድባት አልቻልኩም። ሌላ የሚሻል ቃል አለን?

የፊዚክስ መምህር፦
እኅታችን፣ የታካሚዋ እኅት ቋንቋውን በትክክል አንብባዋለች፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው። በየ8 ቀኑ ካለው ላይ ግማሹ ስለሚቀንስ፣ ከ16 ቀን በኋላ የሚቀረው ሩቡ ነው፤ ከ24 ቀን በኋላ አንድ ስምንተኛው፤ ከ80 ቀን በኋላ ከሺህ አንድ የማይሞላ። ሰውነት አዮዲኑን በሽንት ስለሚያስወጣው በታካሚው ውስጥ ያለው ከዚህም ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጅ ስለ ማቀፍና አብሮ ስለ መተኛት የሚጻፈው ቀን ከሐኪሙ እንጂ ከዚህ ቁጥር መወሰድ የለበትም።

ወደ ቃሉ ስመለስ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1900 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ቶሪየም ከተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጣውን ጋዝ ለይቶ ሲለካ፣ የጨረራው ብርታት በየአንድ ደቂቃው ገደማ በግማሽ እንደሚወርድ አገኘ። የለካው ብርታቱ እስኪጋመስ የሚወስደውን ጊዜ ነበር። ስለዚህ እኔ «የመጋመሻ ጊዜ» እላለሁ። ሥራ ተጋመሰ፣ መንገድ ተጋመሰ እንላለንና ለማንም ሰው ግልጽ ነው።

ዘቅኔ ቤት፦
መምህር፣ «ዕድሜ» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ባይጥሉት እወዳለሁ። በግእዝ «ዐደመ» ማለት ቀጠረ፣ ቀን ወሰነ ነው፤ «ዕድሜ»ም በመሠረቱ የተወሰነ ጊዜ፣ ቀጠሮ ነው። የሰው የኑሮ ዘመን ዕድሜ የተባለው እግዚአብሔር የወሰነለት ቀጠሮ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ግማሽ ዕድሜ» ግማሹ የሚያልቅበት የተቀጠረ ጊዜ ማለት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ከቃሉ ሳይሆን ቃሉን ከምናነብበት ልማድ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
የኔታ፣ ሥሩን በማብራራትዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይህ ሥር ክርክሬን ያጠናክርልኛል። አቶም ቀጠሮ የለውም። ኦስትሪያዊው ኤጎን ፎን ሽዋይድለር በ1905 እንዳሳየው መፈራረሱ፣ ማለትም ጨረር ተፍቶ መለወጡ፣ የዕድል ሕግን የሚከተል ነው። ዛሬ የተፈጠረ የአዮዲን 131 አቶምና አንድ ወር ሙሉ የቆየ የአዮዲን 131 አቶም በሚቀጥለው ሰዓት የመፈራረስ ዕድላቸው እኩል ነው፤ በየሰዓቱ ያንኑ ዕጣ እንደ አዲስ ይጥላሉ፤ ያለፈው ቆይታቸው አይቆጠርባቸውም። ሰው በ90 ዓመቱ የሚሞትበት ዕድል በ20 ዓመቱ ከነበረው ይበልጣል፤ ዕድሜ የምንለውም ይህን የሚያደክም ቆይታ ነው። የማያረጅ ነገር ዕድሜ አለው ማለት እንዴት ይቻላል?

ዘቅኔ ቤት፦
አንዱ አቶም ቀጠሮ ላይኖረው ይችላል፤ ማኅበሩ ግን አለው። ከብዙ ቢሊዮን አቶሞች ግማሾቹ በ8 ቀን ውስጥ እንደሚያልፉ በእርግጥ የምንናገረው ለምንድን ነው? ቀጠሮው የብዙኃኑ ነው። «ዕድሜ»ን ለአንዱ ካልሰጠነው፣ ለብዙኃኑ እንስጠው።

አንባቢ ከሐዳር፦
ሁለታችሁንም የሚያስቸግር አንድ ዓረፍተ ነገር ላቅርብ። «የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀው ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት በሆነው ፖታሲየም 40 ነው።» በአፋር ሐዳር የእሳተ ገሞራ አመድ ሲወርድ በማዕድኑ ውስጥ የተያዘው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርገን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርገን በመለካት የአመዱ ንብርብር የወረደበት ዘመን ይታወቃል። የመጀመሪያው «ዕድሜ» ያለፈ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ግን ያለፈም የሚመጣም ያልሆነ የማይለወጥ ጠባይ ነው። አንድ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ አንባቢው ድንቅነሽ 1.25 ቢሊዮን ዓመት የቆየች ወይም ቁጥሮቹ የተጋጩ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት «የመጋመሻ ጊዜ»ን እደግፋለሁ።

ባለ መዝገብ፦
የመጋመሻው ነገር ይቆየንና፣ «መፈራረስ» ያላችሁትን ማን ፈቀደላችሁ? በትምህርት መጻሕፍት «መበስበስ» የሚልም ያጋጥመኛል፤ ይህም አይስማማኝም። የሚበሰብሰው በዝናብ የራሰ ልብስና በእርጥበት የቆየ እንጨት ነው፤ ነገሩ ቀስ እያለ፣ ሁሉም ክፍሉ አብሮ ይለሰልሳል። የዩራኒየም አቶም ግን ለቢሊዮን ዓመታት ምንም ሳይጎድልበት ቆይቶ በቅጽበት ነው የሚለወጠው። «መፈራረስ»ም የግንብ ነው፤ ከፍርስራሹ ሌላ ሙሉ ግንብ አይገኝም፤ ከራዲየም ግን ሙሉ የሆነ ሬዶን ይወጣል።

ዲያቆን ዘውጭ አገር፦
ግእዙ አስቀድሞ መልሶልናል። በመዝሙረ ዳዊት «ይርአይ ሙስና» የሚለውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መበስበስን ያይ ዘንድ» ብሎ መልሶታል። «ማሰነ» ጠፋ፣ ተበላሸ ነውና፣ ለዚህ የፊዚክስ ነገር «ሙስና» ሥርወ ቃሉን የጠበቀ ስም ነው።

ባለ መዝገብ፦
ወንድሜ፣ ንባብዎ ትክክል ነው፤ ቃሉን ግን መመለስ አይቻልም። ዛሬ «የዩራኒየም ሙስና» ብለን ብንጽፍ አንባቢው በማዕድን ንግድ የተሰጠ ጉቦ አድርጎ ይረዳዋል። ከዚያም በላይ ሙስና የሥጋ ጥፋት ነው፤ መዝሙረኛው የሚናገረው ወደ ከንቱነት ስለ መውረድ ነው። አቶሙ ከንቱ አልሆነም፤ ሌላ ሆነ።

ዘቅኔ ቤት፦
«ሌላ ሆነ» ካሉ እንግዲህ ቃሉ «ፍልሰት» ነው። ፈለሰ ማለት ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ ነው፤ ፍልሰተ ዐፅም እንላለን፣ በነሐሴም ፍልሰታን እንጾማለን። የሚፈልስ ነገር አይጠፋም። በጉባኤ ቤት ይህን ቃል ስንፈታ ከኖርን ሰዎች ዘንድ «መፈራረስ» ለጆሮ ይከብዳል።

ባለ መዝገብ፦
ፍልሰት የቦታ ነው፤ አቶሙ ግን ካለበት ድንጋይ አልተነሣም።

የፊዚክስ መምህር፦
እዚህ ላይ ከየኔታ ጋር እቆማለሁ፤ ይህን ስጽፍም በደስታ ነው። ራዘርፎርድና ፍሬደሪክ ሶዲ በ1901 እና በ1902 ቶሪየም ራሱን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለውጥ በደረሱበት ጊዜ እነርሱም በስሙ ላይ ተጨንቀው ነበር። ሶዲ ከዓመታት በኋላ እንዳወሳው፣ እርሱ ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ይጥሩ የነበሩት የጥንት አልኬሚስቶች ይጠቀሙበት የነበረውን «ትራንስሚዩቴሽን» (መለወጥ) የሚል ቃል ሲጠራ፣ ራዘርፎርድ እንደ አልኬሚስት አንገታችንን ይቆርጡናል ብሎ ከለከለው። ማሪ ኩሪ በ1898 ለጠባዩ «ራዲዮአክቲቪቲ» የሚል ስም ስታወጣለትም ከጨረሩ ተነሥታ ነው የሰየመችው እንጂ ስለ መጥፋት አልተናገረችም።

ቦታን በሚመለከት ደግሞ፣ በ1913 ሶዲና ካዚሚር ፋያንስ እንዳረጋገጡት፣ ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) የአልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ሲተፋ ንጥረ ነገሩ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ስፍራ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቤታ (ኤሌክትሮን) ሲተፋ አንድ ስፍራ ወደ ፊት ይሄዳል። ዩራኒየም 238 ከ92ኛው ስፍራ ተነሥቶ 90ኛው ላይ ቶሪየም ይሆናል፤ ከዚያ በቤታ 91፣ ደግሞም 92፤ እንዲህ እየፈለሰ በመጨረሻ 82ኛው ስፍራ ላይ እርሳስ ሆኖ ይቀመጣል። በዚያው ዓመት ሶዲ «አይሶቶፕ» የሚለውን ስም ተቀበለ፤ ቃሉን ያቀረበችለት ሐኪሟ ማርጋሬት ቶድ ነበረች፤ በግሪክኛ «አንድ ስፍራ» ማለት ነው። የዘርፉ ሊቃውንት ራሳቸው በስፍራ ቋንቋ ካሰቡት፣ «ፍልሰት» ከነገሩ ባሕርይ የወጣ ቃል ነው።

ተርጓሚዋ፦
የምትሉት ሁሉ ያስተምረኛል፤ ነገር ግን ለታካሚው «የአዮዲን 131 ፍልሰት» ብዬ ብጽፍ ከቤት ወደ ቤት የሚዛወር መርዝ ይመስለዋል። «የመጋመሻ ጊዜ 8 ቀን ነው፤ ይህም በየ8 ቀኑ ካለው ላይ ግማሹ ይቀንሳል ማለት ነው» ብዬ ልጻፈው?

ባለ መዝገብ፦
እኅታችን ትንሽ ይታገሡን፤ መጀመሪያ ዋናው ስም ይጽና። ለመምህር አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሆስፒታሉ ለምስል ምርመራ የሚያገለግለው ቴክኒሺየም 99ኤም በ6 ሰዓት ይጋመሳል፤ የሚተፋው ግን ጋማ፣ ማለትም ጨረር ብቻ ነው። ከጋማው በኋላም ያው ቴክኒሺየም 99 ነው፤ ከ43ኛው ስፍራ አልተነሣም። ይህን ማን ፍልሰት ይለዋል? ፍልሰት ለአልፋና ለቤታ ብቻ ከሆነ፣ የጠቅላላው ስም ሊሆን አይችልም።

የፊዚክስ መምህር፦
ይህ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው። ጋማ የሚወጣው የታወከው ኒውክለስ ትርፍ ኃይሉን ጥሎ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲወርድ ነው፤ የፕሮቶንም የኒውትሮንም ቁጥር አይለወጥም።

ዘቅኔ ቤት፦
ታውኮ የነበረ ነገር ትርፉን ጥሎ በስፍራው ጸና ካላችሁ፣ ስሙ «ዕረፍት» ነው። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕረፍት በጥር 21፣ ፍልሰቷን በነሐሴ 16 ለይታ ታከብራለች፤ ሁለቱን አንድ አታደርጋቸውም። እናንተም ሁለት ነገር አግኝታችሁ ለሁለቱ አንድ ስም ስለ ምን ትፈልጋላችሁ? ለአልፋና ለቤታ ፍልሰት፣ ለጋማ ዕረፍት ይባል።

ባለ መዝገብ፦
ዕረፍትን ለጋማ እቀበላለሁ፤ ለፍልሰት ግን ገና እጄን አልሰጠሁም። በቤታ ጊዜ ከኒውክለሱ የወጣው ኤሌክትሮን ነው የፈለሰው ወይስ የቀረው ኒውክለስ? የኔታ በዚህ ላይ አንቀጹን አስረው ይፍቱልን።