እንግዳ ይመጣል፣ አባል ግን አይሆንም፦ የንግግር ማኅበራችንን ምን እናድርገው?

የማኅበር ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። በወር አንድ ጊዜ ንግግር አቅራቢ እየጋበዝን የምንወያይ ማኅበር ነን። በመዝገብ 60 አባላት አሉን፤ አዳራሽ የሚገኙት ግን ከ25 አይበልጡም። በየወሩ አምስት ስድስት አዲስ ሰው ይመጣል፣ በሚቀጥለው ወር ግን የለም። ኮሚቴው ፖስተር እናብዛ እያለ ነው። ምን ትመክራላችሁ?

በር ላይ
ፖስተሩ ይቆይ። በወር አምስት ስድስት ማለት በዓመት 60 ገደማ እንግዳ ነው፤ ያጣችሁት መጪ ሳይሆን ተመላሽ ነው።

በር ላይ ሁለት ሰው መድቡ። አንዱ ይመዝግብ፣ ሌላው እንግዳውን ወስዶ ከነባር አባል ጎን ያስቀምጥ። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ከሰጣችሁት ሰልፍ ሲበዛ አቀባበሉ ይቀራል። ስም፣ ስልክ፣ ከማን እንደሰሙ፣ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁ። አንዱ የሌላውን ስልክ እንዳያነብ ለየሰው ቁራጭ ወረቀት ይሻላል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚቀጥለውን ርዕስ፣ ቀንና ቦታ የያዘ አጭር መልእክት ላኩ። ሳምንት ከቆያችሁ ረስቷችኋል።

ወንበርም ቀንሱ። ለ25 ሰው 80 ወንበር ከደረደራችሁ ሁሉም ኋላ ኋላ ተበታትኖ ይቀመጣል፣ አዳራሹም ባዶ ይመስላል። 30 ዘርጉ፣ ትርፉን ግድግዳ ሥር ደርቡት፣ ሲሞላ ጨምሩ።

ሰዓት ጠባቂ
የበሩ ነገር ልክ ነው። ግን እንግዳን የሚያባርረው ብዙ ጊዜ ማለቂያ የሌለው ንግግር ነው። 45 ደቂቃ ንግግር፣ 20 ደቂቃ ጥያቄ፣ የቀረው ቆሞ መጨዋወቻ ይሁን። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1813 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ለማንኛውም ተናጋሪ አንድ ሰዓት ይበቃል ብሏል (ስለ አዳራሽ አየርም አንስቷል፤ መስኮት ክፈቱ!)። 10 እና 5 ደቂቃ ሲቀር የሚታይ ካርድ አዘጋጁ፣ ለአቅራቢውም ቀድማችሁ አሳዩት፤ ካልነገራችሁት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ጥያቄ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ። ያለ ማይክ የተጠየቀውን አወያዩ ይድገመው፣ ኋላ የተቀመጠው አልሰማምና። ስላይዱን ከአንድ ቀን በፊት በፒዲኤፍ ተቀበሉ፤ የአማርኛው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ቪዲዮ ካለ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለማይጫወት ለብቻው ይላክ። ላፕቶፕን ከፕሮጀክተር የሚያገናኘው ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ መለወጫ የማኅበሩ ንብረት ይሁን፣ አቅራቢው ይዞ ይመጣል ብላችሁ አትመኑ።

መርሐ ግብር
ርዕስም እዩ እንጂ። «የከርሰ ምድር ውሃ አጠቃቀም» ብትሉ የሚመጣው ባለሙያው ነው፤ «ጉድጓድ ለምን ይደርቃል?» ብትሉ ጎረቤቱም ይመጣል። ቀኑን አታንቀሳቅሱ፦ የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ ከሆነ ሁሌም እሱ ይሁን። አቅራቢን ከአራት እስከ ስድስት ወር ቀድማችሁ ያዙ፤ ከአንድ ወር፣ ከአንድ ሳምንትና ከአንድ ቀን በፊት አረጋግጡ። የሚቀር አይጠፋም፣ ስለዚህ ከአባላት አንዱ የ30 ደቂቃ ንግግር በእጁ ይኑረው።

የማኅበር ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልን። ክፍያውስ? እስካሁን እንግዳው በመጣበት ቀን ነበር የአባልነት ፎርም የምንሰጠው።

በር ላይ
ያን ተዉት፤ ገና ሳይቀመጥ ክፈል የተባለ ሰው አይመለስም። የመጀመሪያው ቀን ነፃ፣ ከዚያ የመግቢያ ክፍያ፣ ፎርሙ በሦስተኛው። የዓመቱ መዋጮ የአራት ወይም የአምስት መግቢያ ያህል ይሁን። የዘጠኝ ያህል ከሆነ አባል መሆን አይጠቅምም፣ የሁለት ከሆነ ደግሞ የአዳራሹን ኪራይ አይሸፍንም። ስታሰሉ ኪራዩን፣ የአቅራቢውን መጓጓዣና የኅትመቱን ወጪ ደምራችሁ በእርግጥ ለሚከፍሉት አካፍሉ፤ በ60 ካካፈላችሁ ዓመቱ ሳያልቅ ካዝናው ይራቆታል። ዓመት ሙሉ ያልታዩትን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ካልፈለጉ ከመዝገብ አውጡ።

አዲሱን አባል ደግሞ ወዲያው ኮሚቴ አታስገቡት። ማይክ ማዞር ወይም በር ላይ መቆም፣ ያውም ለሦስት ወር ብቻ ብላችሁ ስጡት። ማብቂያው ያልተነገረውን ሥራ ሰው ይፈራል።