የክልላችን መልክዓ ምድር ሞዴል፦ እስከ ሰኞ እርዱኝ (ኮምቦልቻ)

የኮምቦልቻዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። "የአማራ ክልልን የመልክዓ ምድር ክፍሎች ከነተፈጥሮ ገጽታቸው በሞዴል ሥሩ" ተባሉ። እሱ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ሦስት ቀለም ቀብቶ ወሰደ። መምህሩ "ይሄ የአየር ጠባይ ነው፣ መሬቱ የታለ?" ብለው መለሱለት። ልጁ አኩርፏል። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ምን ምን ይግባበት? ከምንስ ይሠራ?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። መሃሉ ተራራና አምባ ነው፤ ላይ ስሜን አለ፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ጉና፣ ጮቄ፣ በእኛ በኩል አቡየ ሜዳ። ምዕራቡ በመተማና በቋራ ዝቅ እያለ ሱዳን ድንበር ይደርሳል። ምሥራቁ ደግሞ ባንዴ ቁልቁል ወርዶ አፋር ይገባል። ጣናን እንዳይረሳ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወንዞቹን በሙሉ፣ ቦርከናንም ጭምር፣ ወደ አባይ ይስደዳቸው።

የሐይቅ ልጅ፦
ኧረ ጦሳ ሥር፣ ተው እንጂ! በደጅህ የሚያልፈውን ወንዝ? ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ተንጣሎ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። አዋሽም ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አባይ የሚገባው ከኩታበር በስተ ምዕራብ የሚነሳው በሽሎ ነው። ልጁ ይቺን ካሳየ መምህሩ ዝም ይላሉ፦ በቦርከናና በበሽሎ መሃል ባለው ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ወዲህ ከፈሰሰ አፋር በረሃ ይቀራል፣ ወዲያ ከፈሰሰ ግብፅ ይደርሳል። ሐይቆቹም፣ ሐይቅ የሚባለውና አርዲቦ፣ ይግቡ። አርዲቦ ከፍ ብሎ ስለሆነ ውሃው ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም።

ጦሳ ሥር፦
እሺ፣ ተረታሁ። ቦርከናን አስወጡልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ መምህሩ ልክ ናቸው። ደጋና ቆላ የሚመጣው ከመሬቱ ከፍታ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ ይሠራ፣ ቀለሙ በኋላ ይደርሳል። ደጋችን የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ምሥራቁ እየተሰነጠቀ ሰመጠ። ኮምቦልቻ የተቀመጠችው ከሰመጡት ሜዳዎች በአንዱ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከእናንተ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ የምትወጡት። አሠራሩን በተመለከተ፣ ካርቶን ቆርጣችሁ ደራርቡ፣ አንዱ ንጣፍ 500 ሜትር ይሁን። መተማ ከአንድ ብዙም አታልፍም፣ ኮምቦልቻ አራት ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል፣ ደሴ አምስት፣ አቡየ ሜዳ ስምንት፣ ራስ ዳሽን ዘጠኝ። ጠርዙን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሸፍኑት። ቅዳሜ ደግሞ ሚኒባስ ጋቢና አስቀምጠሽ ወደ ደሴ በሚወስደው በሃረጎ ዳገት አውጪው፤ ከደብተሩ ይልቅ ያ ይገባዋል።

የኮምቦልቻዋ እናት፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ወጣን። ሃረጎ ጉም ውጦት ገደሉን አላየም፣ ግን መሃል ላይ ጆሮው ተደፍኖ "እማ፣ ስንተኛው ካርቶን ላይ ነን?" አለኝ። ደሴ ስንደርስ በሹራብም በረደው። ማታ ካርቶን አጠረንና ከባለሱቁ ሦስት የፓስታ ካርቶን ለመንኩ። የስሜኑ ሙጫ እስከ ሰኞ ጠዋት አልደረቀም፣ በእንጀራ ሰፌድ ተሸክሞት ሄደ።